የሜታኖል መመረዝ፦ የታወቀውና ያላለቀው ክርክር

በመጋቢት 2013 በሊቢያ ዋና ከተማ ትሪፖሊ 1,066 ሰዎች በሜታኖል ተመርዘው 101ዱ ሞቱ። በግንቦት 2014 ደግሞ በኬንያ 341 ሰዎች በዚሁ መርዝ ታመው 100ዎቹ ሞቱ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መርዙ አንድ ሆኖ ሳለ የሟቾቹ ድርሻ በሊቢያ 10 በመቶ ገደማ፣ በኬንያ ግን 29 በመቶ ነበር። ሁለቱንም ክስተቶች የመዘገቡት ከድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተውጣጡ ባለሙያዎች ናቸው።

ልዩነቱን በአንድ ምክንያት መግለጽ ያስቸግራል። ሕመማቸው የቀለለ ሰዎች በአንዱ አገር ተቆጥረው በሌላው ተዘልለው ይሆናል። የኩላሊት እጥበት ማሽን በሁለቱም አገር እኩል አይገኝም። ቤታቸው የሞቱት በየትኛውም መዝገብ በትክክል አልሰፈሩም። አንድ ነገር ግን ከኤስቶኒያ እስከ ኢራን በታዩት ክስተቶች ሁሉ ይደጋገማል፤ ሕክምናው ሊገኝ እየቻለ ሐኪሙ በሽታውን ሳይጠረጥር ሰዓታት ያልፋሉ። ስለ ሜታኖል በሚደረገው ክርክር ብዙ ቀለም የሚፈሰው የትኛው መድኃኒት ይሻላል በሚለው ላይ ነው። የጥናቶቹ ውጤት ተደማምሮ ሲታይ ግን ከመድኃኒቱ ዓይነት ይልቅ ሕክምናው የተጀመረበት ሰዓት ይበልጥ የወሰነ ይመስላል።

ከእንጨት የወጣ አልኮል

ሜታኖል ለብዙ ዘመን ይገኝ የነበረው እንጨትን አየር በሌለበት በማጋየትና ተኑን በማቀዝቀዝ ነበር። ሮበርት ቦይል በ1661 ከሌሎቹ ፈሳሾች ለይቶ አወጣው፤ ፈረንሳውያኑ ዱማና ፔሊጎ በ1834 ከምን እንደተሠራ አሳወቁ፤ የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ደግሞ ከ1923 ጀምሮ ከጋዝ በብዛት ያመርተው ጀመር። ዛሬ በማሟሟቻ፣ በመኪና መስታወት ማጠቢያና በነዳጅ ውስጥ የሚገባ ርካሽ የፋብሪካ ግብዓት ነው።

የድሮው የእንጨት አልኮል ሽታው ስለሚከረፋ ለመጠጥ የሚመኘው አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አሜሪካውያን ፋብሪካዎች ሽታውን ማጥፋት ሲችሉ ነው መዘዙ የመጣው። ጠረኑም ጣዕሙም ከመጠጥ አልኮል የማይለይ፣ በዋጋ ግን እጅግ የረከሰ ፈሳሽ ገበያ ውስጥ ገባ። በ1904 የዓይን ሐኪሞቹ ኬሲ ዉድና ፍራንክ ቡለር በዚህ ፈሳሽ የታወሩና የሞቱ ሰዎችን ታሪክ ሰብስበው በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አወጡ። በጊዜው፣ ጉዳቱን የሚያደርሰው ከሜታኖሉ ጋር የሚመጣው ቆሻሻ ነው፣ የጠራው ሜታኖል አይጎዳም የሚሉ ነበሩ። በፋብሪካ የተሠራው ንጹሕ ሜታኖልም እንደዚያው ዓይን ሲያጠፋ ያ ክርክር አከተመ።

ሌላው ክርክር ግን እስካሁን አለ። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ በከለከለችባቸው ዓመታት ለፋብሪካ የሚውል አልኮል እንዳይጠጣ ሜታኖልና ሌሎች ነገሮች እንዲጨመሩበት መንግሥት አዘዘ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽም መጠኑን አሳደገው። የኒው ዮርክ ከተማ ዋና የአስከሬን መርማሪ የነበሩት ቻርለስ ኖሪስ፣ ሰው እንደሚጠጣው እያወቀ መርዙን ያስጨመረ መንግሥት ለሞቱ የሞራል ተጠያቂነት አለበት ብለው በአደባባይ ከሰሱ። የክልከላው ደጋፊዎች ሕጉን የጣሰ ራሱን ይወቅስ ባዮች ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ለሕዝብ በሚሸጥ የመስታወት ማጠቢያ ውስጥ የሚኖረውን ሜታኖል ከ0.6 በመቶ በታች እንዲሆን ሲገድብ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ኖሪስ ወገን አዘነበለ ማለት ይቻላል። አልኮልን እንዳይጠጣ ማድረጊያ መራራ ነገሮች ሞልተው ሳለ ዓይን የሚያጠፋውን መምረጥ ዛሬ ሰበብ ያለው አይመስለኝም።

አይጥን የማይጎዳ መርዝ

ሜታኖል ራሱ ከማስከር ያለፈ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ስካሩም ከተራው መጠጥ ይቀላል። መርዙን የሚሠራው ጉበት ነው። የመጠጥ አልኮልን (ኢታኖልን) የሚያፈጨው ኢንዛይም ሜታኖልን ወደ ፎርማልዲሃይድ ይለውጠዋል፤ ያም ወዲያው ፎርሚክ አሲድ ይሆናል። ፎርሚክ አሲድ ሴሎች ኦክሲጅንን ተጠቅመው ኃይል የሚያመነጩበትን የመጨረሻ በር ይዘጋል። ኦክሲጅን ደም ውስጥ ሞልቶ ሴሉ ግን ይታፈናል። አብዝተው የሚጎዱት የዓይን ነርቭና ፑታመን የሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ናቸው፤ ከሞት ተርፈው እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ የሚንቀጠቀጡና የሚግተረተሩ ሰዎች የሚገኙትም ለዚህ ነው።

ይህን ለማወቅ ረጅም ጊዜ የወሰደው በአይጥ ምክንያት ነው። አይጥ ፎርሚክ አሲድን ፎሌት በሚባለው ቫይታሚን አማካይነት በፍጥነት ስለምታስወግድ አትታወርም፣ ደሟም አሲዳማ አይሆንም። ሰውና ዝንጀሮ የፎሌት ክምችታቸው አነስተኛ ስለሆነ አሲዱ ይጠራቀምባቸዋል። ኖርዌያዊው ኦሉፍ ሮ በ1940ዎቹ የደም አሲዳማነት የሕመሙ ማዕከል እንደሆነ ከታማሚዎች ተነሥቶ ቢያስረዳም፣ ቀጥተኛ ተጠያቂው ፎርሚክ አሲድ መሆኑ የተረጋገጠው አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ በዝንጀሮ ላይ ካጠኑ በኋላ ነው።

ስንት ሲጠጣ ይገድላል ለሚለው አንድ ቁጥር የለም። በ1951 በአትላንታ ከተማ ሜታኖል የተቀላቀለበት ውስኪ የጠጡ 323 ሰዎች ታክመው 41 ሞተዋል። ከእነዚያ ታማሚዎች መካከል 40 በመቶ ሜታኖል ካለበት መጠጥ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ጠጥቶ የሞተ፣ ከዚያው ግማሽ ሊትር ጠጥቶም የተረፈ ተመዝግቧል። አብሮ የተጠጣው ኢታኖል መጠንና የሕክምናው ሰዓት ስሌቱን ያፋልሱታል። ጠጪው የጠጣውን መጠን በልኩ አለመናገሩም ሌላ ጣጣ ነው።

የሚያዘናጉት ሰዓታት

በሽታው ሳይታወቅ የሚቀረው በአመጣጡ ነው። ሰውየው ይጠጣል፣ ትንሽ ይሰክራል፣ ይተኛል፣ ደህና ሆኖ ይነሣል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይመጣል፤ ተራ መጠጥ አብሮ ጠጥቶ ከሆነም ከዚያ ይዘገያል። ከዚያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ይከተላሉ። እዚህ ላይ ራሱም ቤተሰቡም ሀንጎቨር ነው ብለው ያልፉታል። ጤና ጣቢያ ቢሄድም የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል።

ሁለት ምልክቶች ግን ከሀንጎቨር ይለዩታል። አንዱ ዓይን ነው፤ መደብዘዝ፣ ብርሃን መውጋት፣ ነጭ ጭጋግ ውስጥ እንዳሉ ማየት። በስሜን አውሮፓ ታማሚዎች በረዶ መሐል የቆሙ እየመሰላቸው የሚገልጹት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው አተነፋፈስ ነው። ደሙ አሲዳማ የሆነበት ሰው ሳንባው አሲዱን ለመቀነስ ሲታገል ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሳንባው ንጹሕ፣ ትኩሳት የሌለበት፣ ትናንት የጠጣ ሰው ቁና ቁና ሲተነፍስ ሐኪሙ ሜታኖልን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እንዲህ ይተነፍስ የነበረ ታማሚ ትንፋሹ ሲዘገይም ተሻለው ማለት አይደለም። የኤስቶኒያንና የሌሎች አገሮችን ታማሚዎች መዝገብ ያጠኑ ሐኪሞች እንዳሳዩት፣ የደም ፒኤች ከ7.0 በታች መውረድ፣ ራስን መሳትና አሲዱን በትንፋሽ ማካካስ አለመቻል ሞት መቃረቡን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው።

በላቦራቶሪ በኩል ሜታኖልን በቀጥታ የሚለካው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ በበለጸጉ አገሮችም በብዙ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የለም። ስለዚህ ሐኪሞች ሁለት ተዘዋዋሪ ስሌቶችን ይጠቀማሉ። የኦስሞላሊቲ ክፍተት ደም ውስጥ ያልተለወጠ አልኮል መኖሩን ይጠቁማል፤ የአንዮን ክፍተት ደግሞ አሲድ መጠራቀሙን። ሁለቱ በተቃራኒ ይሄዳሉ። ቶሎ የመጣ ታማሚ የመጀመሪያው ከፍ፣ ሁለተኛው ዝቅ ይልበታል። ዘግይቶ የመጣው ሜታኖሉ ወደ አሲድ ተለውጦ ስላለቀ ግልባጩ ይታይበታል። አንዱን ብቻ ለክቶ ሜታኖል አይደለም የሚል ሐኪም ስለዚህ ሊሳሳት ይችላል። የስኳር በሽታ አሲድና ለቀናት ሳይበሉ በመጠጣት የሚመጣ አሲድም ተመሳሳይ ቁጥር ያሳያሉ። ክኑት ኤሪክ ሆቭዳን ጨምሮ የኦስሎ ተመራማሪዎች ፎርሜትን (የፎርሚክ አሲድን ጨው) ከታማሚው አልጋ አጠገብ በጥቂት ደም የሚለይ መመርመሪያ ላይ የሠሩት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። መመርመሪያው በየጤና ጣቢያው እስኪገኝ ድረስ ግን ውሳኔው በታሪኩና በትንፋሹ ላይ ያርፋል።

ኢታኖል ወይስ ፎሜፒዞል

የሕክምናው መሠረት ጉበት መርዙን እንዳይሠራ መከልከል ነው። ኢንዛይሙ ከሜታኖል ይልቅ ኢታኖልን አብልጦ ስለሚይዝ በደም ውስጥ በቂ ኢታኖል ካለ ሜታኖሉ ሳይለወጥ ይቆያል፤ ቀስ በቀስም በትንፋሽና በሽንት፣ ወይም በእጥበት ይወጣል። በመጠጥ የተመረዘን ሰው በመጠጥ ማከም ቀልድ ቢመስልም ከሮ ዘመን ጀምሮ በሥራ የታየ ነው። የሚፈለገው መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ነው። ይህን መጠን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ጠብቆ ማቆየት ነው አስቸጋሪው። ታማሚው ይሰክራል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሹ ይዳከማል፣ የደም ስኳሩ ይወርዳል፤ በየጥቂት ሰዓቱ መለካትና መጠኑን ማስተካከል ይጠይቃል። እጥበት ላይ ከሆነ ማሽኑ ኢታኖሉንም አብሮ ስለሚያወጣው መጠኑ መጨመር አለበት።

ፎሜፒዞል ያንኑ ኢንዛይም ይከለክላል፣ ግን አያሰክርም። መጀመሪያ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ ቀጥሎም በየ12 ሰዓቱ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል። አሜሪካ ለሜታኖል የፈቀደችው በ2000 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካተተው። ዋጋው ግን ለአንድ ታማሚ በሺዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ መመረዝ በብዛት በሚከሰትባቸው አገሮችም እንደልብ አይገኝም።

ለፎሜፒዞል የሚከራከሩት አያያዙ ቀላል መሆኑን፣ የስሌት ስሕተት መቀነሱንና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጭ መስጠት መቻሉን ያነሣሉ። እውነት ነው። ሞትን ይበልጥ ይቀንሳል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ በደረሰው መመረዝ ሁለቱም መድኃኒቶች ተሰጥተው ስለነበር ማወዳደር ተችሏል፤ በሞትም ሆነ በዓይን ጉዳት በኩል ጎላ ያለ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱን በዕጣ ከፋፍሎ ያወዳደረ ትልቅ ሙከራ የለም፤ ሰው በሚሞትበት ድንገተኛ ሁኔታ ማካሄዱም ይከብዳል።

ከዚያው ከቼክ ሌላም ነገር ተገኝቷል። አንዳንድ ታማሚዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ ከአምቡላንስ ሠራተኞች ወይም በራሳቸው ኢታኖል ወስደው ነበር። ሲደርሱ በደማቸው ኢታኖል ከተገኘባቸው መካከል የሞተ የለም፤ የሞቱት ሁሉ ኢታኖል ካልተገኘባቸው ወገን ነበሩ። ውጤቱ ደማቅ ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል፤ መጠጣት የቻለ ሰው ራሱን ያልሳተ፣ ሕመሙም ያልጠና ነው። ሆኖም አምቡላንስና ጤና ጣቢያ በሰለጠነ እጅ ኢታኖል እንዲጀምሩ የሚለው ሐሳብ ከዚህ ወዲህ በእጅጉ ተጠናክሯል። ቤት ውስጥ ሌላ ጠርሙስ ከፍቶ መጠጣት ግን ለየቅል ነው፤ ሁለተኛው ጠርሙስም ከመጀመሪያው ጋር ከአንድ በርሜል የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

የሚረሱት ርካሾቹ ናቸው። ሶዲየም ባይካርቦኔት የደሙን አሲድ ያርማል፤ ፎርሚክ አሲዱም ወደ ዓይንና አንጎል እንዳይገባ ይገድባል። ፎሊክ ወይም ፎሊኒክ አሲድ ሰውነት ፎርሜቱን እንዲያስወግድ ያግዛል፤ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ብዙ ባይሆንም ጉዳት ስለሌለው ብዙ መመሪያዎች ይመክሩታል። ሜታኖል በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአንጀት ተመጥጦ ስለሚያልቅ፣ ምልክት ይዞ ለመጣ ሰው ሆድ ማጠብና ከሰል ማጠጣት ፋይዳ የላቸውም።

ማሽኑ ለማን?

የኩላሊት እጥበት ሜታኖልንም ፎርሜትንም ያወጣል፣ አሲዱንም ያርማል። ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በ2015 ባወጣው ምክር ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ዓይኑ የደበዘዘ፣ ፒኤቹ 7.15 ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ ወይም የአንዮን ክፍተቱ ከ24 ያለፈ ታማሚ እንዲታጠብ ያሳስባል፤ ለሰዓታት የሚደረገው የተለመደው እጥበት ቀን ከሌት ከሚቀጥለው ቀርፋፋ እጥበት እንዲቀድምም ይመርጣል።

ክርክሩ የሚነሣው አሲድ ያልተጠራቀመበት፣ ዓይኑም ደህና የሆነ ታማሚ ሲመጣ ነው። ፎሜፒዞል የተሰጠው ሰው ሜታኖሉ በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በእጥበት ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። አንዱ ወገን አጥቦ ቶሎ መላክ ይሻላል ይላል፤ ሌላው ማሽኑን ለባሰበት ትቶ ይህኛውን በመድኃኒት ብቻ አልጋ ላይ ማቆየት። አንድ ታማሚ ሲመጣ የመጀመሪያው ያስኬዳል። በአንድ ሌሊት ስልሳ ሲመጡ ግን ሁለተኛው ግድ ይሆናል። እንደ ኢትዮጵያ ማሽኑ በዋና ከተማውና በጥቂት የክልል ከተሞች በተወሰነበት አገር፣ ሥር በሰደደ የኩላሊት ሕመም ወረፋ የያዘውን ሰው አስነሥቶ ማሽኑን ለተመረዘው መስጠት የሚጠይቅ ሌላ ውሳኔም ይጨመርበታል። መመሪያዎቹ ስለዚህ ብዙም አይናገሩም።

ከዳኑ በኋላ ዓይናቸው የቀረባቸውን ለመርዳት ስቴሮይድና ኤሪትሮፖይቲን ተሞክረዋል፤ በተለይ ከኢራን ተስፋ ሰጪ ጽሑፎች ወጥተዋል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ያለ መድኃኒትም በራሳቸው የሚሻላቸው ስላሉ ለውጡን ለመድኃኒቱ መስጠት ገና ነው።

አረቄያችንስ?

በእኛ አገር ጥያቄው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ወደ ካቲካላ ይዞራል። ሜታኖል በጥንስስ ውስጥ የሚፈጠረው በዋናነት ፔክቲን ከሚባለው የፍራፍሬና የዕፅ ክፍል ነው። የወይንና የፕለም አረቄ ከእህል አረቄ የበለጠ ሜታኖል የሚኖረው ለዚህ ነው። በብቅልና በእህል የሚጠነሰሰው አረቄ ከጌሾው ጥቂት ፔክቲን ቢያገኝም ከፍራፍሬው ጋር አይወዳደርም። የአውሮፓ ሕግ ለፍራፍሬ አረቄ በጠቅላላው የሚፈቅደው ሜታኖል በአንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል 10 ግራም ነው፤ 40 በመቶ በሆነ መጠጥ ሲሰላ በሊትር 4 ግራም። ከዚያ አደገኛ ሊሆን የሚችል 30 ግራም ሜታኖል ለማግኘት ሰባት ሊትር ተኩል መጠጣት ያስፈልጋል፤ ይህንን ያህል የጠጣ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚገድለው ተራው አልኮል ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሳምንት ሲወድቁ ምንጩ ጥንስሱ ሳይሆን ከፋብሪካ የወጣ ባዕድ ነገር መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ኬንያም፣ ቼክም፣ ኤስቶኒያም (በ2001 በፓርኑ አካባቢ 68 ሰዎች የሞቱበት) ይህንኑ ያሳያሉ።

በጠጪዎችና በአረቄ አውጪዎች ዘንድ የሚታመኑ ሁለት ነገሮች መፈተሽ አለባቸው። የመጀመሪያው፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን መድፋት ሜታኖሉን ያስወግዳል የሚለው ነው። ሜታኖል በ64.7፣ ኢታኖል በ78.4 ዲግሪ ቢፈላም፣ ከውኃ ጋር ሲደባለቁ እንደዚያ ተራ ጠብቀው አይወጡም፤ ሜታኖሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንጠባጠባል። መድፋቱ ሌሎች መጥፎ ጣዕሞችን ይቀንሳል እንጂ ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው አረቄውን በክብሪት አቀጣጥሎ ማየት ነው። እሳቱ ጥንካሬውን ይናገራል፤ ሜታኖልም ስለሚነድ የትኛው አልኮል እንደሆነ አይለይም። ጣዕምም ሽታም አይለዩትም።

መከልከል ወይስ መፍቀድ

ቼክ በመስከረም 2012 ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያላቸውን መጠጦች ሽያጭ በመላ አገሪቱ አገደች፤ ድብልቁን የሠሩ ሁለት ሰዎችም በ2014 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። እገዳው ለአጭር ጊዜ ነበር፤ ዓላማውም ከየመደርደሪያው ላይ መርዙን ማንሣት ነው። ቋሚ ክልከላ ሌላ ነገር ነው። መጠጥ የተከለከለባት ኢራን በ2020 መጀመሪያ፣ አልኮል ኮሮናን ይከላከላል የሚል ወሬ ሲዛመት በሺዎች ተመርዘው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱባት። ኩዌት በነሐሴ 2025 በጥቂት ቀናት 160 ሰዎች ተመርዘው 23 እንደሞቱ አስታወቀች፤ ሁሉም ከእስያ የመጡ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህ ለእኛም የቀረበ ነው። መጠጣት ወንጀል በሆነበት አገር ሆስፒታል መሄድ ራስን ለፖሊስ አሳልፎ መስጠት ይመስላል፤ የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ ዓይን ነው።

መፍቀድም ብቻውን አላዳነም። ኬንያ በ2010 ቻንጋ የተባለውን የአገሬው አረቄ በደረጃ ተዘጋጅቶ፣ በጠርሙስ ታሽጎ እንዲሸጥ ፈቀደች፤ የ2014ቱ እልቂት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተቺዎቹ ሕጉን ይወቅሳሉ፣ ደጋፊዎቹ ቁጥጥሩ ወረቀት ላይ ቀረ ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ትክክል ይመስለኛል፤ ጠርሙስ መፍቀድ ሜታኖል በበርሜል ለማን እንደሚሸጥ ካልመዘገቡ ለአጭበርባሪው ማሸጊያ መስጠት ብቻ ይሆናል።

ለጤና ባለሙያው፦ ጠጥቶ ያደረ ሰው ዓይኑ ደብዝዞ ወይም ቁና ቁና እየተነፈሰ ከመጣ ውጤት ሳይጠብቁ ባይካርቦኔትና ኢታኖል ይጀምሩ፣ አብረውት የጠጡትንም ያፈላልጉ። ለአንባቢው ደግሞ፦ ከትናንት ጠጪዎች አንዱ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹን ደህና ቢመስሉም ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ የተረፈውን መጠጥም ሳይደፉ ይዘው ይሂዱ።